የፀጉር ቆራጩ ዐይን ለምን ቀላ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ሥራ ደህና። ደንበኛ በሽ በሽ። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሳቂታዋ ልጅ በመስኮቱ በኩል አለፈች፣ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም የፀጉር መቁረጫውን ቶንዶስ እንደያዝኩ አወዛወዝኩ። ደንበኛው ጆሮውን ሸፈነ። ጆሮው ደህና ነው... እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት።
ዐይኔ ዛሬም ቀላ። አሸዋ የገባበት ይመስላል። በፎጣው እሽት እሽት አደረግኩት። መቼም ማሸት ደስ ሲል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ጉድ ፈላ። ሳቂታዋን ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ጠብቄ ሸኘኋት። ስለ እኔ ለአባቷ ነግራለች። ነግራለች... እስቲ አንዴ ልድገመው፣ ማን ይከለክለኛል? ነግራለች።
አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ምን አሉ? "ያ ዐይኑ ደም የሚመስለው? ሲጠጣ ለሚያድር ሰው ልጄን አልሰጥም።"
እኔ ጠጪ? የቢራ ሽታ ራሱ የሚያዞረኝ ሰውዬ? እሷ በሳቅ ፍርስ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ ዜናውና መጥፎ ዜናው ባንድ ላይ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ከጎኔ ወንበር የሚቆርጠው ጓደኛዬ የራሱን የዐይን ጠብታ አዋሰኝ። ጠብ... ዐይኔ ወዲያው ነጥቶ ወረቀት መሰለ። መስታወቱ ፊት እስክስ አልኩ፣ ደንበኛ ገብቶ አየኝ። ከሰዓት ተመልሶ ቀላ። ደግሜ ጠብ። አሁንም ጠብ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ዋይ። ጠብታውን ያለ ልክ ጨመርኩበት መሰለኝ፣ ዐይኔ ቲማቲም ሆነ። አባባ፣ የሳቂታዋ አባት፣ ወንበሬ ላይ ሆነው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ፣ አዩኝ... ሲወጡ "ትናንት ደህና አመሸህ?" አሉ። "በጣም ደህና" አልኩ። ምን ዓይነት ቂል ነኝ?

ሰኞ፣ የካቲት 10
ዐይን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሴትዮዋ በመብራት አዩኝና ስለ ሥራዬ ጠየቁ። ከዚያ እንዴት እንደምትቆርጥ አሳየኝ አሉ። አየር ላይ ቆረጥኩ፣ ቆረጥኩ፣ ቶንዶሱን ወደ አፌ አስጠግቼ እፍ አልኩ።
"ይኸው" አሉ። ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።
ለካ በገዛ እጄ... በገዛ አፌ ነው። ብሩሽ እያለ ሁላችንም ፀጉር ቆራጮች ቶንዶሱን እፍ እንላለን። የፀጉሩ ብናኝ ዐይን ውስጥ፣ ከዚያ የሰው ፀጉር በያዘ ፎጣ እሽት። ጠብታውም ለጊዜው ነው የሚያነጣው አሉ፤ ሲያበዙት ብሶበት ይቀላል። የሰው ጠብታ ደግሞ ጭራሽ አይዋሱም።
ሌላው ቀላል ነው። አለማሸት። እጅ መታጠብ። ብናኝ ሲገባ በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ የተከደነ ዐይን ላይ ማሳረፍ። ለሥራ መነፅር። ካመመኝ፣ ብርሃን ካስጠላኝ ወይ እይታዬ ከደበዘዘ ግን ሳልውል ሳላድር እንድመለስ።
"ቶሎ ይንጣልኝ፣ ሠርግ አለብኝ" አልኳቸው። የማን ሠርግ? አፌ ዝም አይል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
እፍ። ረሳሁ። ብሩሽ። እፍ... ኤጭ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
አባባ አልመጡም። በር በተከፈተ ቁጥር ዞርኩ። ሌላ ፀጉር ቤት ሄደው ይሆን? ዐይኔ ሲነጣ እሳቸው ይጥፉ? ሳቂታዋ ጉንፋን ይዟቸው ነው አለች። የሰው ጉንፋን ሰምቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 21
ነጭ። ጥርት ያለ ነጭ። ሳቂታዋ የዐይኔን ቆብ ገልጣ አየችኝና "ነገ ለአባቴ ራስህ ንገረው" አለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ዛሬ አለ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 22
መጡ። ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰርኩ። መነፅሬን አውልቄ ፊት ለፊታቸው ጎንበስ አልኩ።
"አልጠጣም አባባ። ፀጉር ነው ያቀላው" አልኩ። የእፍ ማለቴን ታሪክ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንዱን ዐይኔን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ዐይኔን አልሰበርኩም።
"ትወዳታለህ?"
"በጣም።"
አንገታቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አስተካከሉ። በቃ አለቀልኝ ስል፣ ቀስ ብለው "እሷ ከሄደች እኔ ቤት ማን ይስቃል?" አሉ።
ይሄን አላሰብኩትም ነበር።
"እሑድ እሑድ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ" አሉ። "መጥታችሁ ትስቁልኛላችሁ። አለዚያ አልሰጥም።"
እሺ አልኩ። ስንት ጊዜ እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ቀና ብዬ በመስታወቱ ሳያቸው የሳቸው ዐይን ቀልቷል። እጃቸው ከጨርቁ ሥር ወጥቶ ወደ ዐይናቸው ሄደ።
"ፀጉር ገባብኝ መሰለኝ" አሉ።
"አይሹት አባባ" አልኩና ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ ሰጠኋቸው።
ገና ቶንዶሱን እንኳ አላስነሳሁም ነበር።