ቀሚስሽን የማይነካ ዘይት

ውድ የቤቴ እመቤት፣

ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያስፈጃል ብለሽ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ። ስልክ ላይ እኔና አንቺ የምንባባለውን ታውቂዋለሽ፤ «ደህና ነሽ?» «ደህና፣ አንተስ?» «ደህና።» ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ዝም። እሁድ ዕለት፣ ልታስታምሚያት የሄድሽላት እህትሽ የተሰበረ እጇ እንደዳነ ነገርሽኝ። እሷ ግን «ስፌት ቤቱን አብረን እንሥራ፣ እዚሁ ቅሪ» እንዳለችሽ ጨመርሽልኝ። ቀጠልሽና «አንተ ምን ትላለህ?» አልሽኝ። እኔም እንደ ልማዴ «እንዳሻሽ» አልኩ። «እሺ፣ ቻው» ብለሽ ዘጋሽው። ራሴን ስረግም ዋልኩ።

ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ ልሞክረው። ብቻ አታቻኩይኝ፣ ከሞተር ሳይክሉ ሰንሰለት ዘይት ልጀምር። አውቃለሁ፣ ዘይት የሚል ስታነቢ ግንባርሽ ተቋጥሯል። ታገሺኝ።

ያቺ ሰማያዊ ቀሚስሽ ትዝ ትለኛለች። ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው ስትሰፊ ኖረሽ፣ አንድ ቀን ለራስሽ፣ ያውም ለእህትሽ ልጅ ሠርግ የሰፋሻት። እንደ ሁልጊዜው እግርሽን ወደ ግራ አድርገሽ ከኋላዬ ተፈናጠጥሽ። ሰንሰለቱም ያለው በግራ ነው። አዳራሹ በር ላይ ስትወርጂ የቀሚሱ ጠርዝ ጥቁር ዘይት ተረጭቶበት ዥጉርጉር ሆኗል። እኔ ጅሉ «ታጥቦ ይለቃል» አልኩ። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝና «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሞተር ላይ አልወጣም» አልሽ። አልወጣሽም። አንቺ አልኩ ካልሽ አልሽ ነው። የደንበኞችሽን ልብስ ሳይቀር በታክሲ ማመላለስ ጀመርሽ።

እኔ ደግሞ ኩርፊያ ነው፣ ያልፋል ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ እኔና አንቺ የምናወራው ሞተር ላይ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ አንቺ የስፌት መኪናሽን ትረግጫለሽ፣ እኔ ሬዲዮዬን አዳምጣለሁ፣ ራት እንበላለን፣ እንተኛለን። ሞተሩ ሲነሳ ግን አገጭሽን ትከሻዬ ላይ ታስደግፊና ወሬው ይከፈታል፤ ስለ ደንበኞችሽ ወገብ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለማይረባው ወንድሜ። ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል። «ምን አልሽ?» እላለሁ፣ ትደግሚልኛለሽ። የልጃችንን ስም የመረጥነው እዚያ ላይ ነው። እናቴ የሞተች ጊዜም ያለቀስኩት እየነዳሁ ነው፤ አንቺ ከኋላ አጥብቀሽ ይዘሽኝ ነበር። አንቺ ከሞተር ከወረድሽ ወዲህ እኔና አንቺ ምን አውርተናል? ስለ ጨው ማለቅ።

እና አንቺ እህትሽ ጋ እንደሄድሽ ዘይት ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት መካኒኩ ጋ ነው፣ አፉ ማቆሚያ ስለሌለው «ፍሬን የለሹ» ያልሽው።

«የማይረጭ ዘይት አለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰንሰለት ይዞራል፤ የሚዞር ነገር ደግሞ ይረጫል። እስከ ዛሬ የቀባነውስ ምን ሆነ?»

«እስከ ዛሬ የቀባነው ከሰው ሞተር ያፈሰስከውን ያለቀለት ዘይት ነዋ።»

«ምን ችግር አለው? በነፃ ነው!»

«ሚስቴን አስከፍሎኛል» አልኩት። ይኼኔ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ያዘ። ቆይቶ ግራሶ በጣሳ ሰጠኝ። «ወፍራም ነው፣ የትም አይሄድ» አለ።

እኔ ግን በወሬ አላምን ብዬ ነጩን የትራስ ልብስ ከነትራሱ አንቺ በምትቀመጪበት ቦታ በገመድ አሰርኩት። ጫፉን ቀሚስሽ በሚወርድበት በኩል፣ በግራ ለቀቅኩት። አትቆጪ፣ ያንን ያገለገለውን ነው። እንዲያ ሆኜ ሰፈሩን ዞርኩ። ዳቦ ሻጯ «አዲስ ሚስት አገባህ እንዴ?» አለችኝ። «ይቺኛዋ አትቆጣም» አልኳት። ሰፈሩ ለሳምንት ያወራው ያንን ነው፤ ስትመጪ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው።

ግራሶው እውነትም አልተረጨም። ግን አቧራውን እየሰበሰበ እላዩ ላይ ጭቃ ሠራ። ለካ ወፍራም ስለሆነ ወደ መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ አይገባም፤ ላይ ላዩን ብቻ ተለጥፎ ውስጡ ደርቆ ይፋጫል። ሰንሰለቱ ማጉረምረም ጀመረ። ጠርጌ ቀጠን ያለውን የካምቢዮ ዘይት ሞከርኩ። ድምፁ ጸጥ አለ፣ ደስ አለኝ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ዞር ብዬ ባይ ትራሱ ፈንጣጣ የወጣበት መስሏል። እኔም እልህ ያዘኝ። የእኔን እልህ ታውቂዋለሽ።

በመጨረሻ አስፋልቱ ዳር ያለችው መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ፈገግታ የማታባክን ሴት ናት። ዘይት ከመስጠቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች።

«በምን ዓይነት መንገድ ነው የሚነዱት?»

«ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ አቧራ።»

«ዝናብ ያገኘዋል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አለ?»

«ሚስቴ» አልኩ። ከዚያ ደግሞ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ «ከመጣች» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት የምትረጭ ቆርቆሮ አወጣች። «ይሄ ሰም ያለበት ነው። ሲረጩት ውሃ ይመስላል፣ ሲደርቅ ሰም ሆኖ ይቀራል። አቧራ አይዝም፣ ልብስ አይነካም። ሳይደርቅ ከነዱት ግን እሱም ይረጫል፤ አሳድሩት። ደግሞ ለሰነፍ አይሆንም። ቶሎ ቶሎ መድገም አለብዎት፣ ዝናብ ከመታውማ ወዲያው።»

«ጡረተኛ ነኝ፣ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ» አልኳት፤ «ጊዜ ሞልቶኛል።»

ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ፈተግኩት። ወገቤ ቁርጥ አለ። የስንት ዘመን ጥቁር ወርዶ ብረቱ እንደ ማንኪያ ነጣ። ጎማውን በእጄ እያዞርኩ ከውስጥ በኩል ረጨሁለት፣ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግኩ፣ አሳደርኩት። በማግስቱ ሌላ ንጹሕ የትራስ ልብስ (ይሄ እንኳ አዲሱ ነው፣ ይቅር በይኝ) አስሬ ረጅሙን መንገድ ሄድኩ፤ ልብስ ስናደርስ የምንሄድበትን፣ አቧራማውን ጨምሮ።

ስመለስ የትራፊክ መብራት ያዘኝ። እንግዲህ የምነግርሽ ይሄንን ነው። ስለ ባለሱቋ እየነገርኩሽ ነበር። ጮክ ብዬ። መነጽሯን፣ ጥያቄዋን፣ ሁሉንም። ጨረስኩና መልስሽን ጠበቅኩ። አልሰማሁ መስሎኝ «ምን አልሽ?» ብዬ ዞር አልኩ። አጠገቤ የቆመው ባለታክሲ በመስኮት ብቅ ብሎ «አባባ፣ ትራሱ ምንም አላለም» አለኝ።

ሳቅኩ። መብራቱ ለቀቀና ትንሽ ሄጄ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሳቁ አልቆም አለኝ፣ ኋላ ደግሞ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ሰዎች ሞተሩ የተበላሸብኝ መስሏቸው ሊያግዙኝ መጡ። ደህና ነኝ ብዬ መለስኳቸው።

ቤት ገብቼ ትራሱን ፈታሁ። ጠብታ የለበትም። ዘይቱ ተገኝቷል ማለት ነው። ግን ትራሱን ይዤ ስቆም ቅንጣት ደስታ አልተሰማኝም። ለካ ይሄን ሁሉ ቀን ዘይት ስመርጥ የነበረው አንድ ቃል ላለመናገር ነው። ነይ ለማለት ሞተሩን ማዘጋጀት ነበረብኝ?

እህትሽ ጋ ደስ እንዳለሽ በድምፅሽ አውቃለሁ። ሥራውም ጥሩ ነው፣ ደንበኛውም ብዙ ነው። ብትቀሪ አልቀየምሽም፤ እንዲያውም መንገዱን ችዬ እየነዳሁ እመጣልሻለሁ። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ እኔ ምን እንደምል ነው። እንዳሻሽ ያልኩት ውሸቴን ነው። ናፍቀሽኛል። ቤቱ አላስቀምጥ ብሎኛል። ነይልኝ።

ሞተሩ ላይ ባትወጪም ነይ። ቃልሽን እንዳትሽሪ፣ አላስገድድሽም፤ በታክሲ ነይ፣ ከፈለግሽ በእግራችን ጎን ለጎን እንሄዳለን። እኔም ቤት ውስጥ ማውራት እለማመዳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ መንተባተቤ አይቀርም። አንቺ ብቻ ዝም ስል አትነሺብኝ፣ ትንሽ ጠብቂኝ፤ እየመጣሁ ነው።

ዓይኑ በር በሩን የሚያየው፣
ባልሽ