ሦስት ጊዜ የመጣው ዳቦ

ለወንድሜ ለኤካርት፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እዚህ ሃርዝ ተራራ እኛም ጫካውም አለን።

የእንግዳ ቤታችንን ለዕረፍት የተከራዩት ባልና ሚስት ትናንት ሄዱልኝ። የእንግዳ መዝገቡ ላይ ምን ጽፈው ቢሄዱ ጥሩ ነው? «ሽማግሌው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› እያሉ ዳቦና ጨው አመጡልን።» ይኼም ነውር ሆኖ ይጻፋል? በአራተኛው ጊዜማ በር ዘግተውበት፣ አባባን «የእናቴን ቤት ክፈቱልኝ» እያለ ዝናብ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሴትዮዋ ደግሞ «ሐኪም አይቷቸዋል?» ትለኛለች። «እንግዳ መቀበል ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው?» አልኳት። ገጹን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ለገና ስትመጣ በር ላይ ለአባባ ስምህን ቀድመህ ንገረው። ሥርዓት ይወዳል።

ናፋቂህ እህትህ ሮስቪታ