ጋሽ ፊውዝና የሞተሩ የኋላ መብራት

በሰፈርም በጋራዥም «ጋሽ ፊውዝ» በመባል የሚታወቁት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከፖስተኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ቶሎ ቱግ ስለሚሉ ነው። ቱግ ብለው ግን አይቆዩም ነበር፤ የተቆጡትን ልጅ ትከሻውን ይዘው ምሳ ይጋብዙታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። አባታቸው በድንገት ሲያርፉ የቤቱ ሸክም እሳቸው ላይ ስለወደቀ፣ በ1958 ዓ.ም. በአንድ ጋራዥ በረዳትነት ተቀጠሩ። ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ጠባብ ጋራዥ በግቢያቸው ውስጥ ከፈቱ። የእጃቸው ተማሪዎች፣ «ኔጌቲቩን ሽቦ ቀለም ላይ ታስራለህ? በቀለም ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል? ብረቱን ፍቀህ እሰር እንጂ!» የሚለውን ቁጣቸውን መቼም አይረሱትም።

በ1967 ዓ.ም. ከጋራዡ ፊት ለፊት ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የሠርጉ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽታ ስለቀረች፣ ሙሽራይቱን ከአባታቸው በወረሱት የፖስታ ሞተር ሳይክል አፈናጠው ወደ ቤት ገሠገሡ። ዳገቱ ላይ የኋላ መብራቱ ጠፋ። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪናም ለጥቂት ሳታቸው። ቤት ደርሰው ከሞተሩ ሲወርዱ፣ ጋሽ ፊውዝ «ይህን መብራት ሳላበራልሽ አልሞትም» ብለው ማሉ። ሙሽራይቱም «መብራቱ ይቅርብኝ፣ አንተ ብቻ ኑርልኝ» አሏቸው።

መሐላው ከረመ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የሰው መኪና ሲያበሩ የራሳቸው ሞተር ሸራ ለብሶ ጥግ ቆመ፤ ሽቦውን አይጥ ጨረሰው። ልጅ ማሳደጉ፣ የደንበኛው ችኮላ፣ ምኑ ቅጡ! በ2010 ዓ.ም. ሥራውን ለበኩር ልጃቸው ሲያስረክቡ ነው ሸራውን የገለጡት።

ሞተሩን የማደሱ ሥራ የባልና ሚስት ሆነ። እሳቸው የአንዱን ሽቦ ጫፍ ባትሪ ያስነካሉ፤ ባለቤታቸው ሌላውን ጫፍ በትንሽ አምፖል ይፈትኑና «በራ» ወይም «አልበራም» ይላሉ። የተፈተነውንም ሽቦ በድሮው አሠራር ጥቁር ጨርቅ እየሰፉ ያለብሱታል። እኚህ ሴት ለማስደሰት ብለው እንኳ ያልበራውን በራ ብለው አያውቁም። ጋሽ ፊውዝም ከገዛ ዓይናቸው ይልቅ የእሳቸውን አፍ ያምኑ ነበር።

የፊት መብራቱ በራ። ክላክሱም ጮኸ፤ ጎረቤት እስኪማረር ጮኸ። የሞተሩን ብረት በገዛ እጃቸው ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ ማንም እንዳይነካው ሲቆጡ ሰነበቱ። በመጨረሻም የኋላ መብራቱን አሰሩ፤ አልበራም። ሽቦውን ቀየሩ፣ አምፖሉን ቀየሩ፣ አሁንም እምቢ አለ። በዚህ መሐል የቆየባቸው የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ጋረደው፤ ቀጥሎም ኩላሊታቸው ደከመ። ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ቤተሰቡም አልጋቸው አጠገብ ሳይለይ አስታመማቸው።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ ጋራዡ እንዲወስዷቸው ለመኑ። ልጆቻቸው ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ባለቤታቸውም ሽቦውን ባትሪ አስነኩ። መብራቱ ድርግም እንዳለ ቀረ። «በራ?» ሲሉ ጋሽ ፊውዝ ጠየቁ። ባለቤታቸው ያን የማያይ ፊት አዩትና አንጀታቸው አልችል አለ። «በራ» አሏቸው። ጋሽ ፊውዝ «እሰይ! እንግዲህ መሐላዬን ፈጸምኩ» ብለው የባለቤታቸውን እጅ ፈልገው ሳሙ። ሐሙስ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ጋሽ ፊውዝ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ግን ሐዘኑ ሳያንስ «አንድ ቀን ዋሸሁት፤ ያንንም ይዞ ሄደ» እያሉ አንጀታቸው ተቃጠለ፤ ማንም ሊያጽናናቸው አልቻለም። ትናንት ጠዋት ከለቃሹ መሐል ተነሥተው ወደ ጋራዡ ገቡ። የኋላ መብራቱ ኔጌቲቭ ሽቦ የታሰረበትን ቡሎን ሲፈቱት ከሥሩ ያ የሚያምር ጥቁር ቀለም ወጣ። ጋሽ ፊውዝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን የተቆጡበትን ስሕተት፣ ለዚህ ሞተር ሲሳሱ ራሳቸው ሠርተውት ኖሯል። ባለቤታቸው ቀለሙን በመቀሳቸው ጫፍ ፍቀው ሽቦውን መልሰው አሰሩት። ከዚያም አስከሬኑ ወዳረፈበት ክፍል ገብተው፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው «በራ» አሏቸው።

ዛሬ ሞተሩን የበኩር ልጃቸው ይነዳዋል፤ ከአስከሬኑ ፊት ስለሚሄድ ቀዩ መብራት የሚበራው ወደ እሳቸው ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን መብራት በማይጠፋበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።