ለማርሊስ መደወል ስለሚቆምበት ሁኔታ

ለዌንትሊ ኮሌጅ የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ
ለክብርት ወይዘሮ ፕሪሲላ ሃርግሮቭ
ካሉበት

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሐረግ የለበሱት የኮሌጅዎ ግንቦችስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ለዚህ ደብዳቤ ደግሞ ጉልበት አያስፈልገኝም። በከተማችን ጋዜጣ ላይ የማወጣው በኋላ ልክደው እንዳልችል ነው።

የልጅ ልጄን ዴላን ስለተቀበላችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። ከመቶ አመልካች ዘጠኙን ብቻ እንደምትቀበሉ በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ስላስታወሳችሁን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልንዘነጋው እንችል ነበር። ልጅቷ ወይ እናንተን ወይ ከቤታችን አርባ ደቂቃ የሚርቀውን የግዛታችንን የኔብራስካን ትልቁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እስከ ሜይ መጀመሪያ መምረጥ አለባት። ስለሆነም ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ደብዳቤያችሁ፣ የኮሌጃችሁ ምሩቅ የሆነችው እናቷ ማርሊስ በመግቢያው ቀን ከጎኗ ስትራመድ ለማየት መጓጓታችሁን ይገልጻል። ማርሊስ ልጄ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ ተገለበጠና ሞተች። እንዴት እንደምትራመድ ብታስረዱኝ እኔም እጓጓ ነበር።

2. በየዓመቱ ተማሪዎቻችሁ ለመዋጮ እየደወሉ "ማርሊስ አለች?" ይላሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሞታለች ማለት አቃተኝና ወጣ ብላለች አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ጎተራ ውስጥ ናት አልኩ። ከዚያማ ለመድኩት፤ ጸጉሯን እየታጠበች ነው፣ ላም እያዋለደች ነው። በዚህ ዓለም "አለች?" ብሎ የሚጠይቅ የእናንተ ኮሌጅ ብቻ ቀርቶ ነበርና። ስልኩን ዘግቼም ቆም ብዬ ወደ ጎተራው አያለሁ።

3. ዘንድሮ ዴላ ቀድማኝ አነሳችው። ደዋዩ ማርሊስ ነሽ ወይ ሲላት "አዎ፣ ነኝ" አለች። የእናትና የልጅ ድምፃቸው አንድ ነው። ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ ተቀመጥኩ። ደዋዩ ልጅ ስለ ማርሊስ ከተጻፈ ካርድ ላይ፣ በኮሌጁ የመዘምራን ቡድን ሁለተኛ ድምፅ ሆና አራት ዓመት መዘመሯን አነበበላት። እኔ አባቷ መዘመሯን አላውቅም ነበር፤ በዚህ ቤት አንድ ዜማ አላሰማችም። የልጄን ድምፅ በካርድ ላይ ስላቆያችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከዚያ ወዲህ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲያችን ያልሰበክሁት ስብከት የለም። የቅዳሜውን እግር ኳስ፣ እዚያ የሚማሩትን የአጎቶቿን ልጆች፣ እሑድ እሑድ ልብሷን ቤት ማጠቧን ሁሉ ጠቀስኩ። እናንተ ዘንድ ሣር ይበላል ብዬም ነበር፤ ለዚያኛው ይቅርታ። በመጨረሻ ሙት ፍለጋ እንዳትሄድ ለመንኳት።

"ሙት የምታናግረው እኮ አንተ ነህ፣ አያቴ" አለችኝ። "እኔ አዎ ያልኩት አንተ ስትዋሽ ምን እንደሚሰማህ ለማወቅ ነው። መሞቷን እስክትነግራቸው የትም አልመርጥም።"

እንግዲህ ማርሊስ ሃቭሊክ ሞታለች። መዝግቡት። ይህቺን ለመጻፍ ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጅቶብኛል።

ለግንቦቻችሁ ዕድሜን፣ ለመዝገባችሁ ጥራትን፣ ለደዋዮቻችሁም ሌላ የስልክ ቁጥር እየተመኘሁ፣ ከማይከፈል ውለታችሁ በታች ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ኦርቪል ሃቭሊክ

ማሳሰቢያ፦ ዴላ ይህን አንብባ የእናንተን ቅጽ ፈረመች። እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ግን ገና አልደረስኩም። ለካስ ወደ እናንተ የሚያመጣት የድንጋይ ጥናት ነው፤ የሥነ ምድር መምህራችሁ ለጥያቄዋ በእጁ ሦስት ገጽ ጽፎ ሲመልስላት፣ የእኛው ዩኒቨርሲቲ "የአመልካች ቁጥርዎን ይጥቀሱ" ብሏት ነበር። እናቷን ፍለጋ የምትሄድ የመሰለኝ እኔን ብቻ ነው። ስለዚህ ስትደርስ በራሷ ስም ጥሯት። ቀላል አይደለም፤ እኔ ራሴ ትናንት ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።