በቀሚስ የሸፈንሁት

ልጄ እስከዳር፣ ባለሽበት አገር ሁሉ እመቤቴ በጥላዋ ትከልልሽ። እኛ ተመስገን አለን። የዘንድሮው ገብስ ደህና ነው፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

እኔ ግን አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ጡቴ ላይ እብጠት ከወጣብኝ ዓመት አልፎታል። ጠበል በቀሚስ ስለምንጠመቅ ማንም አላየብኝም፤ እኔም ይድናል ብዬ ዝም አልሁ። አሁን ሐኪም ቤት ብሄድ ካንሰር ነው አሉኝ። ለመድኃኒቱ በየሦስት ሳምንቱ ከወልድያ ወዲያ ወዳለ ሆስፒታል በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ነፍሴ ትጨነቃለች።

ባለፈው የማርያም ማኅበር ተራው የኔ ነበር። ጸሎቱ እንዳበቃ ሕመሜን ለሴቶቹ ሁሉ ተናገርሁ። ሕክምናው እዚሁ ሰቆጣ እንዲሰጠን ማመልከቻ አጻፍን፤ ፊደል ያልቆጠሩት አሻራቸውን አኖሩ። ሰው ሲበተን አምስት ሴቶች ቀሩ። አንድ በአንድ ጓዳ እየገቡ እጄን ይዘው ጡታቸው ላይ አኖሩት። የሦስቱ ልክ እንደኔው ነው። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቴ ለራሴ ብቻ አይደለም። አያትሽም የሞተችው በዚሁ ነበር መሰለኝ፣ ስሙን አላወቅንለትም እንጂ።

ከዕድሜዬ ቀንሶ ለዕድሜሽ ይጨምርልሽ። ገንዘብም ልብስም አልልሽም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ጡትሽን ዳብሺ፤ እብጠት ካገኘሽም እንደ እናትሽ በቀሚስ አትሸፍኚው።

እናትሽ አመተ ማርያም