መሻገሪያው ላይ ሰው የሚጥለው ጠላዬ ሳይሆን ልጋጉ ስለመሆኑ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቀጨሞ በር ቀበሌ ዋና አስተዳዳሪ
ለክቡር አቶ ይግዛው መልከ ጼዴቅ

ጉዳዩ፦ የታሸገው ጠላ ቤቴ እንዲከፈትልኝና ወንዙ እንዲመረመር ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ፣ ድንጋይ እየረገጡ ከሚሻገሩት ወንዝ ማዶ ጠላ ጠምቄ የማድር ነኝ። ጥቅምት 20 ቀን «ከቤቷ የሚወጣ ሁሉ መሻገሪያው ላይ ይወድቃል፤ ጠላዋ ከልክ በላይ ያሰክራል» ተብሎ በሬ ታሸገ። ጋን ውስጥ የነበረው ጥንስሴ ኮምጥጦ ቀረ። አምስት ነፍስ የማሳድረው በዚሁ ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የጠላዬ ስም መጥፋቱ ነው።

1. ሰው መውደቁን አልክድም። በቅሎ ነጂው ያርጋል ሁለት ጊዜ ወድቋል። ነገር ግን ቄስ ባርናባስም ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ እዚያው ወድቀዋል። የያርጋል በቅሎም ወድቃለች፤ እሷ ደንበኛዬ አይደለችም።

2. የሚጥለው የመሻገሪያውን ድንጋይ የሸፈነው አረንጓዴ ልጋግ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ናዝራዊት «አልጌ ይባላል፤ ምግብና ብርሃን ሲያገኝ ይፋፋል» አለችኝ። እኔ ሳላይ አላምንምና አራት ድንጋይ ፈግፍጌ ወንዙ ውስጥ አኖርኩ፤ ሁለቱን ከመሻገሪያው ከፍ ብሎ ወንዙ ዳር ካለው የማዳበሪያ መጋዘን በላይ፣ ሁለቱን ከበታቹ፣ ከየጥንዱ አንዱን ጥላ ሥር፣ አንዱን ፀሐይ ላይ። በአሥራ አምስት ቀን ከመጋዘኑ በታች ፀሐይ የመታው እንደ ተልባ ያሟልጭ ጀመር። ጥላ ሥር ያለው ጓደኛው ጥቂት ብቻ አበቀለ። ከላይ ካሉት ፀሐይ ላይ ያለው ስስ ነው፤ ጥላ ሥር ያለው ንጹሕ ነው። ድንጋዮቹ እቤቴ ስላሉ መጥቶ መዳሰስ ይቻላል።

3. መጋዘኑ ሲታጠብ እጣቢው ወንዝ ይገባል። መሻገሪያውን ያጠሉ የነበሩት ዛፎችም «ለቱሪስት እይታ ይከፈት» ተብሎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ተቆርጠዋል። እኔም የማዳበሪያ ጆንያ እዚያ አጥቤ አውቃለሁ፤ ጥፋቴን አልደብቅም።

4. ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነበር። በሬን አሽገው ሲመለሱ ክቡርነትዎም መሻገሪያው ላይ ወድቀዋል። ማኅተሙን ከውሃ ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ። የጣለዎት ልጋጉ ከሆነ ጠላዬ ነጻ ነው። ጠላ ነው ከተባለ ደግሞ ከእኔ ቤት አልቀመሱምና፣ በሥራ ሰዓት የት እንደጠጡ መጠየቁ አይቀርም።

ስለዚህ በሬ እንዲከፈትልኝ፣ እጣቢው ወንዝ መግባቱ እንዲቆም፣ በተቆረጡት ዛፎች ምትክ እንዲተከል፣ ክቡርነትዎንም ከሁለቱ የትኛው እንደጣለዎት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

እግርዎን ያጽናልዎ እያልኩ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የትናየት ገዱ

ግልባጭ፦
ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት (መልስዎን እስካይ እኔው ዘንድ ይቆያል)