ሳሏ የዳነላት መኪና

ላሊበላ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ሞተሩ ዛሬ ተነሳ። ወንድሜን ይመርን ለውትድርና ከወሰዱት ወዲህ አሮጌ ላንድሮቨሩን የነካት ሰው አልነበረም። ጉልበት እንድታገኝ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ መላጥ ነበረብኝ፤ ወልድያ ወስጄ የማሠራበት ገንዘብ ስለሌለኝ የመስኮት መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ በእጄ ፈገፈግሁት። ምትክ ፒስተኖች ከተገለበጠ መኪና ላይ ፈታሁ። ሲያስሏት የኖሩትን የተበሉትን አሮጌ ፒስተኖች ቆሻሻ ላይ ጣልኳቸው።

የነአኩቶ ለአብን አቀበት ድሮ እየሳለች በአንደኛ ማርሽ ነበር የምትወጣው። ዛሬ በሁለተኛ ወጣችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልመሰለኝም።

እማዬ ያን ሳል ከሩቅ ስትሰማ «ይመሬ መጣ» ብላ የእጅ ውሃ ይዛ ደጅ ትጠብቀው ነበር። ዛሬ በራችን ላይ ስቆም አልወጣችም። ጡሩምባ ስነፋ ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ አለች።

«እንግዳ ነው? ይግቡ።»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

መኪናዋን አየቻት። «ሳሏስ?»

«አዳንኳት።»

«ደግ አደረግህ፣ ልጄ» አለች። ልትገባ ዞር ካለች በኋላ ቆመች። «እንግዲህ ይመሬ ሲመጣ በምን አውቃለሁ?»

ስትገባ ሄጄ ፒስተኖቹን ከቆሻሻው ለቀምኳቸው። በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ ስር አስቀመጥኳቸው።